የተረፈችው ችካል

መጋዝ ሳቢ ነበርሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልመካበት ብዬ አይደለም። ያደረግሁትን ነገር ሌላ ሙያ ያለው ሰው ቢያደርገው ኖሮ ምናልባት ማንም አያውቅበትም ነበር። ገበሬ ቢሆን ያቺን ችካል ወንዝ ይጥላት ነበር። ነጋዴ ቢሆን ያነዳት ነበር። እንጨት ሠሪ ግን ደህና እንጨት መጣል አይሆንለትም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። አጻጻፌ ቢወላገድ አትሳቁብኝ። ብትስቁም ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን በእግር ሲኬድ፣ ከትልቁ ደን ጫፍ ላይ ጥድ አፋፍ የምንለው ሰፈር ነበር። ዛሬ ሄዳችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው ሰው ማግኘታችሁን እንጃ። ሰፈሩን የፈጠረው ወሬ ነው። አቶ ገላዬ የሚባል የጣውላ ነጋዴ ከደሴ መጣና መካነ ሰላም ገበያ መሃል ቆሞ፣ «ባቡር በዚህ አገር ሊያልፍ ነው!» አለ።

«ሐዲዱ ብረት ነው። ብረት ደግሞ ባዶ መሬት ላይ አይተኛም። ከሥሩ ወፍራም የጥድ እንጨት ይነጠፍለታል። ያንን እንጨት ያዘጋጀ ሰው፣ ባቡሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከብረው እሱ ነው» አለን።

ከመካከላችን ባቡር በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ቢሆንም ከወረኢሉም፣ ከደጎሎም፣ ከአቀስታም መጋዙን በትከሻው አድርጎ ያልመጣ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠላሳ ያህል ቤት ተሠራ። ግድግዳው ሁሉ የግንድ ቅርፊት፣ መንገዱ ሁሉ ሰጋቱራ ነው። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ሰፈራችን ጭቃ አልነበረውም፤ በሰጋቱራው ላይ እንደ ጌታ እንራመድ ነበር። ሐዲዱ የሚተኛበትን እንጨት «ትራስ» እያልን እንጠራው ነበር፣ ብረቱ ተንተርሶት ያድራል ብለን። ትራሱን እየቆለልን፣ እየቆለልን፣ ቁልሉ ከቤታችን በለጠ።

መጋዝ ለብቻ አይሳብም። ግንዱ በእንጨት ቆጥ ላይ ይሰቀልና አንዱ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ታች። የኔ ጓድ እንድሪስ ይባላል፤ የለጋምቦ ሰው ነው፣ ከአቀስታ ወዲህ ካለ ቀበሌ። በአሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጠኝ አያ እንድሪስ እለው ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ የለውም። በሙያው ደንብ ታች የሚቆመው ታናሽ ነው፣ ሰጋቱራው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ። አያ እንድሪስ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «አንተ ላይ ውጣ። የኔ ዓይን ያየውን አይቷል» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ሆነ። እኔ ላይ፣ እሱ ታች።

ሲስብ መንዙማ ያንጎራጉራል። እኔም ትርጉሙን ሳላውቀው እቀበላለሁ። ሰዉ ይስቅብን ነበር። «አሰፋ፣ ቄሱ ሰምተውሃል!» ይሉኛል። እሱ ደግሞ ከታች ሆኖ፣ «አብሽር፣ አላህ የድምፅህን ማስጠሎነት አይቶ ይምርሃል» ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ እታገኝ ይህን ሁሉ አልወደደችውም። የአባቷን እርሻ አስትቼ ነው ያመጣኋት። ቤታችንን የሠራሁት ባቡሩ ይቆምበታል ብዬ ከገመትሁት ቦታ አጠገብ ነው፤ ለመንገደኛ ሻይ ልንሸጥ። አግዳሚ ወንበሩን ሳይቀር ሠርቼ ደጅ ላይ አስቀምጨዋለሁ። እሷ ወንበሩ ላይ እርጉዝ ሆዷን ይዛ ትቀመጥና፣ «አንተ ሰው፣ ይኼ ባቡርህ ይታለባል? ወይስ ይጠመዳል?» ትለኛለች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ያንተ ነገር ትል ነበር። እኔም፣ «ቆይ ብቻ፣ ታያለሽ!» እላለሁ።

አንድ ጥቅምት ላይ መሃንዲሶች መጡ። አንድ ፈረንጅና ሦስት ያገራችን ሰዎች፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ የያዙ። መሣሪያቸውን እየተከሉ፣ በአንድ ዓይን እያዩ፣ ራሱን ቀይ የተቀባ ችካል በየርቀቱ እየቸከሉ አለፉ። ሰፈሩ በእልልታ ተቀበላቸው። ማምሻው ላይ መስመሩን ስናይ ግን ችካሉ ከወንዙ ማዶ፣ ሰው በሌለበት ተረተር በኩል ነው የሄደው። እኛን ጥሎን አለፈ።

ከሠራተኞቹ አንዱን ተከትዬ፣ «ጌታዬ፣ ትንሽ ወዲህ አይዞርም?» አልሁት።

«እኛ መሣሪያው ያየውን ነው የምንከተለው» አለኝ።

«ታዲያ መሣሪያው እኛን አላየንም?»

ሳቀና ሄደ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቤቴን አየሁ፣ ወንበሩን አየሁ። እታገኝ በር ላይ ቆማለች። እንዲያ እርጉዝ ሆዷን ይዛ ምንም ባትናገረኝም ያንን ዝምታዋን መቻል አቃተኝ።

እንግዲህ ሞኝነቴን ስሙ። ባቡር ችካል በተተከለበት ይሄዳል፤ ችካሉ ከዞረ ባቡሩም ይዞራል ብዬ አሰብሁ። በቃ፣ ያሰብሁት ይኸው ነው።

ቅዳሜ የመካነ ሰላም ገበያ ነው። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሲሄድ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ እታገኝ ከቤት አልወጣችም። በጠራራ ፀሐይ ወንዙን ተሻግሬ አሥራ ሦስት ችካል ነቀልሁ። ጉድጓዱን ሁሉ ደፍኜ፣ ሣር ጎዝጉዤበት ተመለስሁ። ከዚያ ግንድ ላይ መስመር የምናሰምርበትን በከሰል የተነከረ ክር አውጥቼ፣ ከሰፈራችን ጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርሁና በዚያ ልክ ተከልሁ። የነሱ መስመር ጠመዝማዛ ነበር። የኔ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ መጋዝ ሳቢ የሚያውቀው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነዋ! ቀጥ ሲል ደግሞ አጠረ። አንዲት ችካል ተረፈችኝ።

ያን ጊዜ መጣል ነበረብኝ። አገላብጬ አየኋት፤ የዝግባ እንጨት ናት፣ ደርቃ እንደ አጥንት የጠነከረች። ልቤ እምቢ አለ። ቀዩን ራሷን በምሳር ቆርጬ እሳት ውስጥ ጨመርሁና የቀረውን ጠርቤ ሽብልቅ አደረግኋት። ሽብልቅ ማለት መጋዙ እንዳይነክስ በተሰነጠቀው ግንድ መሃል የምንሰካት ነገር ናት። አያ እንድሪስ የመጋዙን ዕቃ በሚይዝበት ስልቻ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ከተትኋት። ሰዉ ከገበያ ሲመለስ ችካሉን ከደጁ አገኘና፣ መሃንዲሶቹ ተመልሰው አቃንተውት ነው ብሎ እልል አለ።

ሰኞ ሥራ ስንጀምር እሷን አነሳት።

«ይህቺን ኸየት አመጣሃት?» አለኝ።

«ኸቁራጭ መሃል።»

«ዝግባ? እኛ የምንስበው ጥድ ነው እኮ።»

«አገኘኋት አልሁህ፣ አያ እንድሪስ። ምን ታደርቀኛለህ?»

አገላብጦ አያትና፣ «ማሻአላህ፣ ደህና ሽብልቅ ናት» ብሎ በመዶሻ መታት።

ኅዳር ሲገባ መሃንዲሶቹ ተመለሱ። መስመራቸው ሰፈራችንን አቋርጦ ረግረግ መሃል ገብቶ፣ ከገደል አፋፍ ወጥቶ አገኙት። ፈረንጁ ባርኔጣውን መሬት ላይ ሲወረውር አይቻለሁ። በማግስቱ የወረዳው ምስለኔ አዋጅ አስነገረ፤ የመንግሥት ችካል ስለተነቀለ፣ አንዲትም ስለጠፋች አውጫጭኝ ይሁን ተባለ።

አውጫጭኝን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ ያገሩ ወንድ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ንቅንቅ የለም። ቤትህ ቢቃጠል አትሄድም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ለብቻቸው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ተራ በተራ ወደነሱ ሄዶ፣ በሃይማኖቱ ምሎ፣ ያየውን የሰማውን ይናገራል። የተናገረውን ሰው ስም ማንም እንዳያውቅ፣ «ማን ነገረህ?» ሲባል «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ እኔው ራሴ ልሆን እችላለሁ፣ አንተም ልትሆን ትችላለህ፤ የሚጠይቅ የለም።

ሜዳው ላይ የሰፈርነው እኛ መጋዝ ሳቢዎቹ ብቻ አልነበርንም። በዙሪያው ያለ ገበሬም ሁሉ ነበር፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ገብሱ ደግሞ ደርሷል። ከተቀመጥንበት ሆነን ነጭ ሆኖ ይታየናል፣ ነፋስ ሲመታው ፍሬው ይረግፋል። በረዶ ቢጥል የዓመት ቀለባቸው አለቀ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ሰዉ ሲቀልድ ዋለ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ሼህ ሰይድ ናቸው፤ ክርስቲያኑ ሳይቀር የሚፈራቸው፣ ዓይናቸው ሰውን የሚያነብ ሽማግሌ። ተራዬ ደርሶ ፊታቸው ቆምሁ።

«አሰፋ ይመር፣ ያየኸው አለ?» አሉኝ።

«ያየሁም የሰማሁም የለ።»

«በማን?»

«በማርያም።»

ከአጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ «አሜን» አሉ። ማርያምን ለመጀመሪያ ጊዜ በሐሰት የጠራሁት ያን ዕለት ነው።

በሁለተኛው ቀን በስተምሥራቅ ደመና ቆመ። ቀልድ የለ፣ ጨዋታ የለ። ገበሬዎቹ አንዴ ሰማዩን አንዴ ገብሱን ያያሉ። አንዱ፣ «ያደረግኸው ሰው፣ ልጅ አይውጣልህ!» ብሎ ጮኸና ተቀመጠ። እታገኝ የወለደች ገና በሳምንቷ ነበረች። እኩለ ቀን ላይ ምግብ ያመጣችልኝ ጎረቤት፣ «ልጅቷ ጡት እምቢ ብላለች፣ እናትዮዋም ፈርታለች» አለችኝ። ልሂድ አልልም፣ አይፈቀድም።

ከአያ እንድሪስ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ጋቢውን እንደ ድንኳን ከራሳችን በላይ ይዘን ከፀሐይ እንከለላለን።

«ይኼ ሰውየ ምን አስቦ ይሆን ያደረገው?» አለኝ።

«ሰይጣን አሳስቶት ይሆናላ።»

«ሰይጣን ችካል ምን ያደርግለታል! ሰው ነው እንጂ።» ሳቀ። ቆይቶ፣ ፊቱን ሳይመልስ፣ «ሰፈሩን የወደደ ሰው ይመስለኛል። ይመስልሃል ወይ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ማወቁን አወቅሁ። የማውቀውን እንድናገር በሩን ከፈተልኝ፣ ግን አልገባሁበትም። «ነገ እናገራለሁ» አልሁ በልቤ። ልጄ ጡት ትያዝ፣ እታገኝ ትበርታ፣ ነገ እናገራለሁ። ለሚፈራ ሰው ነገ የምትባለው ቀን እንዴት ያለች መደበቂያ መሰለቻችሁ!

በሦስተኛው ቀን ወፍ ተናገረች። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ነገሩ ኸመጋዝ ሰዎች አይወጣም» ብላለች። ሼህ ሰይድ የመጋዝ ሰዎችን ዕቃ ሁሉ አስመጡ። ከሁሉም ፊት ስልቻ በስልቻ እየተዘረገፈ ታየ። የኛ ተራ ደረሰ። ሞረዱ ወጣ፣ ክሩ ወጣ፣ ሦስት ሽብልቅ ወጣ። ሼሁ ሦስተኛዋን አነሷት። ቀዩን ራሷን ቆርጬዋለሁ ብዬ ነበር፤ ቀለሙ ግን በስንጥቋ ገብቶ ኖሯል። የጣት ጥፍር የምታህል ቀይ በፀሐዩ ላይ ታየች።

ምስለኔው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይህች የማን ናት?» አሉ ሼህ ሰይድ።

«የመጋዛችን ናት» አለ አያ እንድሪስ።

«ማን ጠረባት?»

አያ እንድሪስ ሽብልቋን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ቁጣ የለውም፣ ልመናም የለውም። ግንድ ስንጀምር ወደ ላይ ቀና ብሎ «ዝግጁ ነህ?» እንደሚለኝ አስተያየት ነበር ያየኝ።

ሼሁ ወደኔ ዞሩ። «አሰፋ፣ አንተ ታውቃታለህ?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ ተነሥቻለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ።

«አላውቃትም» አልሁ።

«በማርያም?»

«በማርያም።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አያ እንድሪስ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፣ የገባው ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ ተነሣና ሰጋቱራውን ከሸማው ላይ አራገፈ።

«እኔ ነኝ፣ ሼሆቼ» አለ።

«አንተ ነህ የነቀልኸው?»

«እኔ ነኝ አልሁ እኮ።»

«ወላሂ በል።»

«ያመነ ሰው ምን ያስምለዋል? ሐቁን ነገርኋችሁ፣ በቃ!»

ሼህ ሰይድ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ያ ሰው አላህን በሐሰት አልጠራም። ቢሞት እንኳ ያንን አያደርግም። እኔ ሁለት ጊዜ የማልሁትን እሱ አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አለ። ሼሁ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ከሱ ላይ አንሥተው እኔ ላይ አሳረፉት። አወቁ። በእርግጥ አወቁ! እንደገና ሊጠይቁኝ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያች ቅጽበት ግን ከወደ ምሥራቅ ነጎድጓድ ተሰማና አንድ ገበሬ፣ «ኧረ በአላህ! አመነ እኮ ሰውየው! ልቀቁን፣ ገብሱ አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ጮኸ። ሜዳው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሼህ ሰይድ ሽብልቋን ለምስለኔው ሰጥተው ጥምጣማቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ።

እዚያው ገረፉት። ሲገርፉት ቆሜ አየሁ፣ ለመሄድም ለመናገርም እግርና አፍ አጣሁ። ገበሬው ማጭዱን ይዞ ወደ ገብሱ እየሮጠ፣ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «አላህ ይስጥህ፣ አወጣኸን!» እያለ ይመርቀው ነበር። በረዶው ሳይጥል ገብሱ ገባ። በዚያ ዓመት ያገሩ ሰው ጠግቦ የበላው በአያ እንድሪስ ጀርባ ነው።

ወደ ደሴ እስር ቤት ሊወስዱት እጁን አስረው ሲያልፉ ተጠጋሁት። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር።

«አያ እንድሪስ...» አልሁ።

«ሞረዱን ኸሜዳው ላይ አንሣው፣ እንዳይጠፋ» አለኝ። «መጋዙ ደንዟል።» ሁለት እርምጃ ሄደና ዞረ። «አራስ አለችህ። ሂድ፣ ቤትህ ግባ።»

ቤት ስገባ ልጅቷ ጡት ይዛ አገኘኋት። እታገኝ፣ «ማን ሆኖ ተገኘ?» አለችኝ።

«እንድሪስ።»

«እንድሪስ? የኛ እንድሪስ?» ብላ ፊቴን አየችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሌላ ጥያቄ እስክትሞት ድረስ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ!

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። መሃንዲሶቹ ማዶ ያለውን መስመር እንደገና ለክተው ሄዱ። በዚያው አልተመለሱም። ከዓመታት በኋላ አንድ የመንገድ ሠራተኛ ሲነግረኝ፣ ያ ልኬት ቀድሞውንም ለመኪና መንገድ ኖሯል፣ እሱም በሌላ በኩል ሆነ። ወደኛ አገር የሚመጣ ባቡር ከአቶ ገላዬ አፍ በቀር በየትም አልነበረም። አቶ ገላዬም አንድ ቀን ደሴ ደርሼ ልምጣ እንዳለ ቀረ። መጋዝ ሳቢው አንድ በአንድ ተበተነ። የትራሱ ቁልል ዝናብ እየመታው ጠቆረ። ያገሩ ሰው ለአጥር፣ ለድልድይ፣ ለመቃብር ክዳን እየወሰደ ጨረሰው። ተዳፋቱ ላይ የቀረው ጉቶ ብቻ ነው። እንዲያ የሚፈስሰው ምንጭ እንኳ ቀጠነ። እኔም ከሌላ ሰው ጋር መጋዝ ለመሳብ ሞክሬ ነበር፤ ታች የቆመው ሰው ቀና ብሎ ባየኝ ቁጥር መጋዙን ስለምለቀው ተውሁት፣ ወደ እርሻ ተመለስሁ።

አያ እንድሪስ ከእስር መፈታቱን ሰማሁ። ወደኛ አልመጣም፣ አገሩ ገባ አሉ። ዛሬ ነገ ስል ስምንት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንድ ጠቦት እየነዳሁ ወደ አቀስታ ተነሣሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቀው፣ ከዚያም ሼህ ሰይድ ዘንድ ሄደን እውነቱን ልናገር ቆርጫለሁ።

ከእህቱ ቤት በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዓይኑ ጠፍቷል። ያ ሁሉ ዓመት ታች ቆሞ የተቀበለው ሰጋቱራ ይሁን፣ እስር ቤቱ ይሁን፣ አላህ ያውቃል። ገና «እንደምን አለህ» ስለው ድምፄን ለየው።

«አሰፋ! ያ መንዙማ የሚያበላሸው! ና፣ ና ቅረብ!» ብሎ በእጁ ፊቴን ዳበሰኝ። እህቱ ወተት አመጣችልኝ። ወተቱን ሳልቀምስ እሱ አስቀድሞ ተናገረ።

«ልንገርህና ይውጣልኝ። ተቆጥቼህ ነበር። እስር ቤት ዓመት ሙሉ ስምህን አልጠራሁም። ኋላ ግን ባቡሩን ማሰብ ጀመርሁ። ሰፈራችን መሃል ሲቆም፣ እታገኝ ሻይ ስታቀርብ፣ ያቺ ልጅ በር ላይ ቆማ ስታይ። ያን ጊዜ ቀለለኝ።» ወደኔ ዘንበል አለ። «በል ንገረኝ እንግዲህ። ባቡሩ መጣ ወይ?»

አፌን ከፈትሁ። ለይቅርታ የመጣሁ ሰው፣ እውነት ልናገር ጠቦት ነድቼ የመጣሁ ሰው ነኝ።

«መጣ» አልሁት።

«በሰፈራችን በኩል?»

«በሰፈራችን በኩል።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አሳረፈ። ቆይቶ፣ «ድምፁስ? ድምፁ እንዴት ያለ ነው?» አለኝ።

ባቡር ሰምቼ አላውቅም። ምን ልበለው? «ትልቅ መጋዝ ሲሳብ እንደማለት ነው» አልሁት። «አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ከሩቅ ስትሰማው እኔና አንተ ጥድ የምንስብ ይመስልሃል።»

እንደ ልጅ ሳቀ። «መጋዝ! ወይ ግሩም!» እያለ ደጋግሞ ሳቀ። እህቱን ጠርቶ፣ «ሰማሽ ወይ? ባቡር እንደ መጋዝ ነው የሚጮኸው!» አላት። በዚያ ሳቅ መሃል እውነቱን ለመናገር ልብ አላገኘሁም። ይቅርታውንም ሳልጠይቅ ተነሣሁ። በዓመቱ መሞቱን ሰማሁ። ለቅሶ ስደርስ እህቱ፣ «ሰፈሩን ሁሉ፣ ወንድሜ አሰፋ ኸባቡር ደጅ ነው የሚኖር እያለ ሲያወራ ነው የሞተ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ምዬ አላውቅም። የገዛ መሬቴን ጉዳይ ዳኛ ፊት ማል ሲሉኝ እምቢ ብዬ ተረትቻለሁ፤ ልጆቼ ሞኝ አሉኝ። ይበሉ። እኔ የምላችሁ ይህ ነው፦ ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለውን ሁልጊዜ አትመኑ። የናንተን ጥፋት ሌላ ሰው ተሸክሞት ቆሞ ስታዩ፣ ገብሱ ቢረግፍም፣ አራስ ብትኖራችሁም፣ ያን ጊዜውኑ ተናገሩ። ነገ ስትሉ ሰውየው ዓይኑ ይጠፋል፣ ቀጥሎም ይሞታል።

ሼህ ሰይድም ሞተዋል፣ ቄሱም፣ ምስለኔውም። በዚያ ሜዳ ላይ የነበረ ሰው የቀረሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ ሸንጎዬ እናንተ ሁኑልኝ። የሦስተኛው ቀን ጥያቄ እንደገና የቀረበልኝ ቁጠሩት። ተነሥቻለሁ፣ ነጠላዬንም አደግድጌያለሁ።

አሰፋ ይመር እባላለሁ፣ መጋዝ ሳቢ ነኝ። ያቺን ሽብልቅ አውቃታለሁ፣ የጠረብኋት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስቱንም ችካል የነቀልሁት እኔ ነኝ። እንድሪስ የለበትም። ይህን ወፍ አልነገረችኝም።